አረንጓዴው በርሜል ከዳቬይተን እስከ ሶዌቶ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11፡30፤ ቤሪያ

የሰዓት እላፊው ካበቃ ብዙም አልቆየም። ከስምንተኛ ፎቅ በእግሬ እየወረድኩ ነው። ሊፍቱ ከኮሮና በፊት እንደታመመ ሰምቻለሁ፤ ያገግማል የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። በረራ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ፤ ይኸው ዓመት አልፎኝ የቤሪያ ነዋሪ ሆኛለሁ። ደረጃው ክሎሪንና የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። እኔ ግን እንደ ሰርገኛ ፈክቻለሁ። አንድ በርሜል ለማጀብ በዚህ ሰዓት ከአልጋው የሚነሣ የሃምሳ ዓመት ሰው ዛሬ ካልፈካ መቼ ሊፈካ ነው?

ታች ሃና የአባቷን ባኪ አስነሥታ ትጠብቀኛለች። ከኋላው ክፍት የሆነውን ፒክአፕ እዚህ አገር ባኪ ይሉታል። ሃና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አድጋ እዚሁ ኬሚስትሪ ትማራለች።

«አንክል፣ ማስክህ አገጭህ ላይ ነው።»

«አገጬንም ኮሮና እንዳይዘው ብዬ ነው።»

«ፕሊዝ! ዛሬ እንዳታሳፍረን። ዶክተሯ ሲሪየስ ናት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሃና አባት፣ ወዳጄ ኤርሲዶ፣ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ የምትባለዋን ዓይነት የሰፈር ሱቅ የሚሠራ ሰው ነው። ሱቋ ያለችው በአንድ የሽማግሌ ባልና ሚስት ግቢ ውስጥ ነው። ሽማግሌውን ሰፈሩ ሁሉ ምኩሉ ይለዋል፤ በዙሉ አያት ማለት ነው። ሚስቱም ለሁሉም ሰው ጎጎ ናት፤ ሴት አያት። ምኩሉ በወጣትነቱ የአፓርታይድ መንግሥት ወታደር ነበር። ሰሜን ድንበር ላይ የተሰጠው ሥራ መተኮስ ሳይሆን መርጫ በጀርባው አዝሎ አጥሩንና መንገዱን ተከትሎ ፀረ አረም መርጨት ነበር፤ ሣሩ ደርቆ ጠላት መደበቂያ እንዲያጣ። አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩን እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ቆዳው በየጊዜው ይፈነዳል። የሶዌቶዋ ሐኪም ሁለቴ «የረጨኸው ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችው፤ ሁለቴም «ነጭ ነገር» አላት። ያ ጦር ለጥቁር ወታደር መርጫ እንጂ ማብራሪያ አልሰጠውም። ዛሬ ሦስተኛውና የመጨረሻው ቀጠሮ ነው። የኬሚካሉ ስም ካልተገኘ ፋይሉ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ይዘጋል፤ ልዩ ምርመራውም በዚያው ይቀራል።

ስለ ጦርነት የተጻፈ ብዙ አንብቤያለሁ። ጄኔራል ሞልቶበታል፤ ሣር ግን የለበትም። ሣር ላይ ለዘመተው ሰው ማንም ሐውልት አላቆመለትም።

1፡00፤ ዳቬይተን

የማግዊኛ ሻጯ ዘይት ታፈላለች። ማግዊኛ እንደ ጡጫ የተድቦለቦለ የተጠበሰ ሊጥ ነው፤ አንዱ ሁለት ራንድ። አራት ገዝቼ ሦስቱን ሱቁ በር ሳልደርስ ጨረስኩ።

ኤርሲዶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ልጁን ሊድር እንደተዘጋጀ ሰው ነው። ከጎኑ በርሜሉ አለ። ኮሮና ሲገባ በየሱቁ በር እጅ መታጠቢያ እንዲኖር ሲታዘዝ፣ ሌላው ነጋዴ የቀለም ባልዲ አስቀመጠ። ኤርሲዶ ግን ለብ ያለ ሥራ አይወድም። ግቢው ጥግ ተጥሎ ያገኘውን፣ ጥላሸት የለበሰ አሮጌ በርሜል ውስጡን አጥቦ፣ ቧንቧ ገጥሞ፣ በአረንጓዴ ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀባውና በነጭ «ጌታ ያያል፣ ታጠቡ» ብሎ ጻፈበት። በአማርኛ። ከደንበኞቹ ማንበብ የሚችል አንድም ሰው የለም፤ ዳቬይተን ግን ዓመት ሙሉ ታጠበበት።

ባለፈው እሑድ ምኩሉ ከዚያ ጦር ይዞ የወጣው ንብረት አንድ ባዶ የፀረ አረም በርሜል ብቻ እንደነበር ነገረው።

«የት አለ ታዲያ?» አለው ኤርሲዶ።

«ማይ ፍሬንድ፣ በርህ ላይ ነዋ!»

ኤርሲዶ በእግዚአብሔር ስም ወንበር ጠየቀ። በማግስቱ ውኃውን ደፍቶ ባልዲ ተካ፤ ደንበኞች እስካሁን አረንጓዴውን መልስ እያሉ ያጉረመርማሉ።

የኬሚካሉ ስም በርሜሉ ሆድ ላይ በጥቁር ቀለም ታትሞ ነበር፤ ምኩሉ ይህን ያስታውሳል። አሁን ከሦስት ድርብ አረንጓዴ ሥር ነው። ሃና ትናንት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጥጥ ላይ አድርጋ አንድ ቦታ ላይ ሞክራ ነበር።

«አረንጓዴው ለቀቀ?» አልኳት።

«ለቀቀ። ከሥሩ ያለው ፊደልም አብሮ ለቀቀ።»

«ስንት ፊደል?»

«አንድ። አንክል፣ አትሳቅ! እንዲህ የተበላሸው በዳድ ሙያ ነው፤ ሰው ሦስቴ ይቀባል?»

«እኔ አንዴ ቀብቼ የምተው ሰው ነኝ?» አለ ኤርሲዶ፣ ተቀይሞ።

ምኩሉ ክራቫት አስሮ ወጣ። ጎጎ የቤተ ክርስቲያን ኮፍያዋን ደፍታለች። አንድ ጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ በርሜሉ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠይቅ ምኩሉ «ሊጠገን» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሰፈሩ ምኩሉን የሚያውቀው የማዕድን ጡረተኛ አድርጎ ነው፤ የዚያን ጦር ልብስ ለብሶ እንደነበር እዚህ ጮክ ብሎ አይነገርም። ከሰፈሩ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ እሱም ኤርሲዶ ነው። ኤርሲዶ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከገበያ ታፍሶ ለደርግ የዘመተ ነውና፣ የተሸነፈ ጦር ወታደር ለተሸነፈ ጦር ወታደር ምን ያፍራል?

ኤርሲዶ ሱቁን ዘጋ። ይህን እሱ ለራሱ ወባ እንኳ አላደረገውም። ሽማግሌዎቹ ከሃና ጋር ጋቢና ገቡ፤ እኔና ኤርሲዶ ከኋላ በርሜሉን እንደ ሙሽራ መሃል አስቀምጠን ግራና ቀኝ ያዝነው።

2፡40፤ አውራ ጎዳና

የፖሊስ ኬላ። እዚህ መንግሥት ኮሮናን ሊዋጋ መጠጥ ከልክሏል፤ ፖሊስም ከቫይረሱ ይልቅ ቢራ ማግኘት ይቀለዋል። አንድ ወፍራም ኮንስታብል በርሜሉን አየ፣ ቧንቧውን አየ፣ ሁለታችንን አየ። ዓይኑ በራ።

«ምንድን ነው ውስጡ?»

«ባዶ ነው፣ ጌታዬ» አለ ኤርሲዶ።

«የምን በርሜል?»

«የመርዝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ!»

ምኩሉ ከጋቢና አንገቱን አወጣ። «ልጄ፣ እኔ ራሴ ነኝ የረጨሁት። አሽትተው፤ እኔ ግን አንተን ብሆን አላሸተውም።»

ኮንስታብሉ ተጠራጠረ። ከመርዙ ይልቅ ግን ኮሮናን ፈራ መሰለኝ፤ ከወገቡ ሳኒታይዘር መዝዞ ቧንቧውንና ዙሪያውን አርከፈከፈና በጓንቱ ጠረገው። ጓንቱን ሲያነሣ መዳፉ አረንጓዴ ሆኗል።

ሃና በሩን በርግዳ ወጣች። «ስቶፕ! ደግመህ ርጭ!»

«እኅቴ፣ እኔ ነኝ እዚህ የማዝዘው።»

«ፕሊዝ ኦፊሰር! እዚያው ቦታ፣ አንዴ ብቻ!»

ረጨ። ጠረገ። አረንጓዴው እንደ እርጎ ተንሸራቶ ወረደ፤ ከሥሩ የጥቁር መስመር ጫፍ ብቅ አለ፤ ንቅንቅ አላለም። ሃና መንገዱ ዳር ዘለለች። «ዳድ! የውኃ ቀለም ነው የገዛኸው! አልኮል ይፈታዋል፣ አሮጌውን ግን አይነካውም!»

«ሻጩ ለሃያ ዓመት ነው ያለኝ» አለ ኤርሲዶ። ንዴቱ ከልቡ ነበር።

ኮንስታብሉ ግራ ገብቶት ጠርሙሱን ሰጠንና አሰናበተን። በዚህ ወረርሽኝ ጊዜ መንግሥት የሰጠኝ የመጀመሪያ እርዳታ ነው።

3፡20፤ ነዳጅ ማደያ

የኮንስታብሉ ጠርሙስ ቶሎ አለቀ። ኤርሲዶ ግን ወንበር ሥር የአምስት ሊትር ጀሪካን ሳኒታይዘር አለው፤ ብር ኖቱን ሳይቀር የሚያጥብ ሰው ነው። ጓንት አደረግን። ጎጎ ኮፍያዋን አውልቃ ለምኩሉ ሰጠችና ያለ ጓንት ጨርቅ አነሣች።

«አንቺ ልጅ፣ እንደዚያ አይፈተግም። ክንድሽን አንቀሳቅሺው፣ ምንታናሚ!» ልጄ ማለቷ ነው።

ነዳጅ ቀጂዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ የመኪና እጥበት መስሎት ሳሙና አመጣ፤ ሌላው ሞባይሉን ደቅኖ ይቀርጻል። መጀመሪያ «ጌታ ያያል» ሄደ። ኤርሲዶ «ይቅር ይበለን» እያለ በገዛ እጁ ፈተገው። ቀጥሎ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ወጣ። ዓመት ሙሉ ስንታጠብበት የነበረው ቧንቧ ልክ ከጥርሱ ሥር ነው የተተከለው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ ኤርሲዶ ሊቆጣኝ አፉን ከፈተና እሱም ፈነዳ፤ ሃናማ ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ፊደሎቹ መጡ። አንድ ረጅም የኬሚካል ስም፣ ከመሃሉ የሃና ጥጥ የበላው አንድ ቀዳዳ፣ ከሥሩ ቁጥር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ አምራቹ ጠበቃ አለው፣ እኔ የለኝም።

ምኩሉ መነጽሩን አድርጎ ቀረበ። በጣቱ እየተከተለ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበው።

«ኤሽ» አለ። «ስም ነበረው።»

ነዳጅ ቀጂዎቹ አጨበጨቡ። ለምን እንደሚያጨበጭቡ አላወቁም፤ እኔም በዕድሜዬ ያየሁት ጭብጨባ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረውም።

5፡00፤ ሶዌቶ

ክሊኒኩ በርሜል አያስገባም። ሐኪሟ ራሷ ወጣች፤ ቀጭን ሴት ናት፣ በድርብ ማስክ ላይ የፊት መከላከያ አድርጋለች። በሥራ ላይ የሚመጣ በሽታ ነው ሙያዋ፤ ቀኑን ሙሉ የማዕድን ሠራተኞች ሳንባ ስታዳምጥ ትውላለች። ባኪው ላይ ወጣች፣ ጎንበስ ብላ አነበበች፣ በሞባይሏ ፎቶ አነሣች፣ የጠፋችውንም ፊደል በአየር ላይ በጣቷ ጻፈቻት።

«በሽታህ በዚህ ነው የመጣው ብዬ አልምልልህም» አለችው። «አርባ ዓመት ብዙ ነው፤ እጅ በሌላም ምክንያት ይንቀጠቀጣል። አሁን ግን ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። ነርቭ፣ ስኳር፣ ደም፣ ቆዳ። ፋይሉ አይዘጋም።»

ኤርሲዶ «ሃሌ ሉያ» አለ፣ ከክሊኒክ ግቢ በማይጠበቅ ድምፅ። ሃና ከምኩሉ ጋር ክርን ለክርን ተገጫጨች። እኔ ቅድም የተረፈችኝን አራተኛዋን ማግዊኛ ለሐኪሟ ልጋብዛት ፈልጌ ተውኩት።

ሐኪሟ እየጻፈች ነበር። «ልብስህን የት ነበር የምታጥበው?»

«እሷ ናት የምታጥበው» አለ ምኩሉ፣ ወደ ጎጎ እያየ። «ለፈቃድ ስመጣ እንዳለ አመጣው ነበር።»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። ጎጎ ባኪው ጥላ ሥር ቆማ አረንጓዴ ከጥፍሯ ሥር ታወጣለች።

«እማማ፣ ይህን በርሜል ቤት ውስጥ ምን ታደርጊበት ነበር?»

«ውኃ ነዋ። ያን ጊዜ ቧንቧ ከመንገዱ ማዶ ነበር። የምንጠጣውን፣ የምናበስለውን፣ ልጆች የማጥብበትን።» ጥፍሯን ትታ በርሜሉን አየችው። «የተረፉትን ልጆች።»

ሐኪሟ ከባኪው ወርዳ ወደ ጎጎ ጠጋ አለች።

«አንቺስ፣ ምን ያምሻል?»

«እኔ? እኔ እሱን ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«እግርሽስ?»

ጎጎ እግሯን አየችው፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል። «ያቃጥለኛል። ግን ወታደር አልነበርኩም።»

ሐኪሟ ከክንዷ ሥር አዲስ ባዶ ፋይል አወጣችና ስሟን ጠየቀቻት። ሙሉ ስሟን ስትናገር እኔ ዛሬ ገና ሰማሁት፤ ስድስት ዓመት ተከራይዋ የሆነው ኤርሲዶም ገና ዛሬ።

ደም መቅጃው ክፍል በር ላይ አንዲት ነርስ ቆማለች። በኮሮና ምክንያት የሚገባው አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ ብቻ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ ሁለቱን ፋይሎች አየች።

«ከሁለታችሁ አስታማሚው ማን ነው?»

ጎጎ አፏን ልትከፍት ስትል ምኩሉ ክራቫቱን አስተካክሎ ቀደማት። የሚንቀጠቀጥ እጁን ክንዷ ሥር አስገባ።

«መጀመሪያ እሷ ትገባለች» አለ። «አስታማሚዋ እኔ ነኝ።»