አባዬ በስክሪን ሲመርቅ ድምፁ የጠፋ ዕለት

ይሄ የደረሰብኝ ባለፈው ጥር፣ በታናሽ እህቴ በለሊሴ ሰርግ ላይ ነው። ወራት አልፈውታል። ግን ላፕቶፔ «አዲስ ማሻሻያ አለ» ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባታችንን ከሰርጉ ዓመት ቀደም ብሎ ስትሮክ መቶት ነበር። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ምላሱም ተሳሰረ። ቤታችን ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ለሰርጉ በወንበር ተሸክመን እናውርድህ ብንለው «በቁሜ እንደ ሬሳ አልወርድም» አለ። አባዬ አልወርድም ካለ አይወርድም። ለሊሴ ደግሞ «እሱ ሳይመርቀኝ ኬክ አልቆርስም» አለች። የአባቷ ልጅ ናት።

በመጨረሻ እሱ ከቤት ሆኖ በቪዲዮ እንዲመርቃቸው ተስማማን። እኔ የሶፍትዌር ሠራተኛ ስለሆንኩ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። አባዬም በበኩሉ ሥራውን ጀመረ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ተቀምጦ ምርቃቱን ይለማመዳል። መጀመሪያ አካባቢ «ውለዱ፣ ክበዱ» ማለት እያቃተው በደህና እጁ ትራሱን ይደበድብ ነበር። ከገና በኋላ ግን የሚለው ነገር ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ይገባ ጀመር። ለዚያች ቀን ብሎ ነው እንዲህ የለፋው።

እኔ ላፕቶፔ ላይ የምጠቀመው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል፤ እኔም እኮራበታለሁ፣ ምን ታረጉኛላችሁ። አዳራሹ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው፤ ግድግዳውን የሞላ አዲስ ስክሪን ገዝተዋል። በዋዜማው ላፕቶፔን ሄጄ ብሰካው ምስሉ ደብዝዞ፣ መሀል ላይ ተኮማትሮ መጣ። ግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ላፕቶፑን ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ እንዲህ ያለ ዘመናዊ ስክሪን አያውቅም። አዲሱን ድራይቨር አውርጄ ጫንኩ። ወዲያው ምስሉ ጥርት አለ። ደስ ብሎኝ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ለለሊሴ ላክሁላት።

ድምፁን አልሞከርኩም። ዲኮር የሚሠሩት ሰዎች መዶሻ ይዘው እየቀጠቀጡ ነበር፤ ብሞክረውስ ምን ሊሰማኝ? ደግሞ ሲሠራ የኖረ ድምፅ የት ይሄዳል ብዬ ተውኩት።

በሰርጉ ቀን የምርቃቱ ሰዓት ደረሰ። አባዬ ሲታመም ቤት እየመጡ ይጸልዩለት የነበሩት ፓስተር «አሁን የሙሽሪት አባት ይመርቃሉ» ብለው ሰውን አስነሡ። ቤት ከአባዬ ጋር የቀረችው የአጎቴ ልጅ ጫልቱ ስልኳን ይዛለታለች። ደወልኩ፤ አነሣች። አባዬ ሙሉ ሱፉን ለብሶ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። የጢሙ ሽበት ሳይቀር አንድ በአንድ ይታያል። ሰው አጨበጨበ። አባዬ ደህና እጁን ወደ ላይ አነሣና አፉን ከፈተ።

ምንም የለም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አዳራሹ ጭጭ ብሏል።

የድምፁን ምርጫ ስከፍተው «ዳሚ አውትፑት» የሚል ብቻ ተደቅኗል። በአጭሩ፣ ድምፅ ማውጫ የለህም፣ ይሄ የውሸት ነው ማለት ነው። ለካ ያ አዲሱ ድራይቨር ምስሉን አሳምሮ የድምፁን ነገር ጭራሽ ረስቶታል። የላፕቶፑ ስፒከርም ማይኩም አብረው ጠፍተዋል፤ እሱም እኛን አይሰማንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። የማውቀውን ትእዛዝ ሁሉ እየጻፍኩ ላብ አጠመቀኝ። ከኋላዬ አንዱ ሚዜ «ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ» ሲል ሰማሁት። ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

የፊት ወንበር ላይ የነበሩት ዘመዶቻችን ደግሞ ለአባዬ ለማስረዳት ጆሯቸውን እየነኩ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። እሱ በላፕቶፑ ካሜራ ያያቸዋል። እንደገና ሞከረ፤ አሁን አፉን በጣም ከፍቶ፣ ቀስ እያለ። እነሱም እንደገና ነቀነቁ። ያን ጊዜ እጁን አወረደና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ለሊሴ ቬሎዋን ሰብስባ ወደ እኔ መጣች።

«ስልክ የለህም እንዴ?» አለችኝ በንዴት። «ደውልለታ!»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ትእዛዝ ስጽፍ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ አባዬ ስልክ ደወልኩ። ስክሪኑ ላይ ስልኩ አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ ሲበራ እናያለን፤ እሱ ዞሮም አላየው። ጫልቱ አንሥታ ጆሮው ላይ አደረገችለት። እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ የአዳራሹ ማይክ ላይ ደገንኩት።

በአዳራሹ ስፒከር ሁሉ የአባዬ ድምፅ መጣ። «ይቅርታ ልጆቼ፣ አፌ እምቢ አለኝ።»

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሊሴ ስልኩን ከእጄ ቀማችኝ።

«አባዬ፣ አፍህ ደህና ነው። የተበላሸው የእሱ ኮምፒውተር ነው።»

«የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም፣ አባዬ። ጥርት ብለህ ትሰማለህ።»

ፊቱን ከመስኮቱ መለሰና «እንግዲያው አሜን በሉ» ብሎ መረቀ። ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ ዋርካ ስፉ፣ እጃችሁ ለሰው አይጠር አለ። አንድም ቃል አልተያዘበትም። የስልኩ ድምፅ ከምስሉ ይቀድም ስለነበር፣ ስክሪኑ ላይ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው አሜን ይላል። እያለቀሰ የሚስቅ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። ኬኩም ተቆረሰ።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ማሻሻያ መጣና ድምፁ እንዳልጠፋ ሁሉ ተመለሰ። ምን ሆኖ እንደነበር የጠየቀኝም የነገረኝም የለም። ለአባዬ ብነግረው «እንግዲያው አንተም አግባና ልመርቅህ» ብሎ ሳቀብኝ።

እሱ ይሳቅ፤ እኔ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ሊኑክስን አልተውኩትም፤ የምወደው ነገር ነው። ግን የትም ቦታ ላፕቶፕ ስሰካ መጀመሪያ የምሞክረው ድምፁን ነው፤ ምስሉ እንደፈለገ ይሁን። ስንት ጠዋት መስታወት ፊት የለፋ ሰው፣ ጥርት አድርጎ እየተናገረ፣ የእኔ ማሽን ባጠፋው ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው።