ለእናቴ ያስቀረሁት መልእክት

ሥራዬን ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ያናድደኛል። አሰላ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው ስል፣ ሁሉም «ፕሪንተር ትጠግኛለሽ?» ይለኛል። አልጠግንም። ሆስፒታሉ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ የካርድ ክፍሉ አንድ ነው፣ የላቦራቶሪው ሌላ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሌላ፣ የአልጋው ደግሞ ሌላ። በመካከላቸው ሰርቪስ ባስ የምንለው ፕሮግራም ቆሞ ከአንዱ መልእክት ይቀበላል፣ አድራሻውን ያያል፣ ለሚገባው ያደርሳል። የትኛው መልእክት ወዴት እንደሚሄድ ደንቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ «ተራ አስከባሪዋ» ይሉኛል፤ እንደ መናኸሪያ ልጆች ማለታቸው ነው። ስሙ አይከፋኝም። ተራ ካልተከበረ ምን እንደሚሆን ማወቅ የፈለገ በበዓል ዋዜማ መናኸሪያ ሄዶ ይይ።

ከደንቦቼ ሁሉ የምወደው የአሥር ሰዓቱን ነበር። ከሰዓት በኋላ ነርሶቹ መዝግበው ሲጨርሱ ወደ ታካሚው ቤተሰብ ስልክ አጭር ጽሑፍ ይሄዳል፤ ታካሚዎ በዚህ ክፍል፣ በዚህ አልጋ ላይ ናቸው፣ የመጠየቂያ ሰዓቱ ይህ ነው ይላል። ድሮ ከጮሌም ከኢተያም የሚመጡ ጠያቂዎች፣ ዘመዳቸው አልጋ ሲቀየርባቸው በየክፍሉ እየዞሩ የሰው ብርድ ልብስ ይገልጡ ነበር። መልእክቱ ከመጣ ወዲህ ያ ቀረ።

ታናሽ ወንድሜ ኩላሊቱን ታሞ የተኛው እዚያው እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ ያስታመመችው እናታችን ነበረች። ሻል ሲለው ግን እሱ ራሱ ወደ ቤታችን፣ ወደ ዲክሲስ ሰደዳት። «እማዬ፣ ገብሱ ሜዳ ላይ ዝናብ ሊበላው ነው። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ» አላት። ቀልደኛ ነበር። እሷም እኔንና ወንድሟን፣ አጎታችንን፣ ተፈራረቁ ብላን ሄደች። የሚያጽናናት ነገርም ነበራት፤ የጎረቤታችን ባል እግሩ ተሰብሮ እዚያው ክፍል ተኝቶ ስለነበር፣ ከአገር ሰው ጋር ነው ያለው ትል ነበር።

በዚያ ቀን ተራው የአጎቴ ነበር። እኔ የላቦራቶሪ መልእክቶች ስለተጠራቀሙብኝ ቢሮዬ ገብቼ፣ በስክሪኑ ላይ ሲያልፉ እያየሁ ነበር። ከወንድሜ ክፍል ወደ መድኃኒት ቤቱ አንድ መልእክት አለፈ፤ መድኃኒቱ ሁሉ ይቁም ይላል። ወዲያው ሌላ ወደ አልጋ ክፍሉ ሄደ፤ አልጋው ተለቋል ይላል። የካርዱን ቁጥር እንደ ራሴ ስልክ በቃሌ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የመጣብኝ ልቅሶ ሳይሆን ንዴት ነው። ደንቤ ተሳስቷል ብዬ ስህተቱን ፍለጋ ገባሁ። ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ስህተት የለበትም። ሥራዬ ትክክል በመሆኑ ያለቀስኩት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስወጣ አጎቴ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ከክፍል ኃላፊዬና ከአንዲት ነርስ ጋር ቆሞ ያንሾካሹካል። ሲነግረኝ የሚደግፉኝን ሰዎች እየሰበሰበ ነበር። ሲያየኝ ፊቱን ለማስተካከል ሞከረና «ነይ እስቲ፣ ሻይ እንጠጣ» አለ።

«አይቼዋለሁ አጋሼ» አልኩት።

ያ ትልቅ ሰው ሁለቱን ትቶ ወደ እኔ መጣ። ከዚያ አቀፈኝ፣ ሁለታችንም ግድግዳው ሥር ተቀመጥን።

ብዙ ሳንቆይ እናቴ ትዝ አለችኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በምሽት አይነገርም፣ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደረት መድቃቱን ትተው መዝሙር ቢዘምሩም፣ ይህንን ግን አልተዉትም። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ፣ ጎረቤት አስቀድሞ ደጅ ይሰበሰባል፣ ከዚያ በር ይንኳኳል። ሰርቪስ ባሱ ግን ይህን ወግ አያውቅም። ነርሷ ካርዱን ስትዘጋ የመጨረሻው መልእክት ከአሥር ሰዓቱ ጋር በራሱ ይወጣል፤ የታካሚዎ ካርድ ተዘግቷል፣ ቀርበው ያነጋግሩ የሚል። የሚሄደው ወደ እናቴ ስልክ ነው። አሥር ሰዓት ደግሞ ሊሞላ ነው።

ሮጬ ተመለስኩ። መስመሩን በሙሉ መዝጋት እችል ነበር፤ ግን የሰው ሁሉ ቤተሰብ እየጠበቀ ነው፣ የእኔ ሐዘን በእነሱ ላይ መውደቅ የለበትም አልኩ። ስለዚህ አንዲት ደንብ ጻፍኩ። ወደዚህ ቁጥር የሚሄድ ማንኛውም መልእክት አይለፍ፣ እኔ ጋ ይቆይ፣ የሌላው ሁሉ ይሂድ። ሁለቴ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ሰዓቱ ሲደርስ የሌሎቹ ተራ በተራ ሄዱ፣ የእናቴ ቀረ። ለወንድሜ ማድረግ የቻልኩት የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው ብዬ እያየሁት ተቀመጥኩ። በዚያ ሐዘን ውስጥ፣ አዎ፣ ኮራሁ።

አጎቴ ዲክሲስ ላሉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ደወለ። እነሱ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄዱላት፣ እኛ ረፈድ ሲል አስከሬኑን ይዘን ደረስን። ሲነግሩኝ፣ ለባብሳ በሩን ራሷ ከፈተችላቸው፣ አስቀመጧት፣ ጸለዩ፣ ነገሯት። ወደቀች፤ ሴቶቹ ደገፏት። ጎረቤታችን «ጀባዹ፣ በርቺ እህቴ» እያለች ከጎኗ አልተነሳችም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እኔን ሊያጽናና ሲፈልግ «በወጉ ነው የተነገራት» ይለኝ ነበር። እኔም ያንን ይዤ ነው የሰነበትኩት። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም።

ድንኳኑ ተነስቶ፣ ጠያቂም እየሳሳ ሲመጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። የጎረቤታችን ባል በክራንች እየተደገፈ ገብቶ ጠይቆን ወጣ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ በጀርባው እያየችው፣

«እኔ እኮ ሳይነግሩኝ በፊት፣ በዋዜማው አውቄዋለሁ» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። በእጇ መስኮቱን አሳየችኝ። ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

«ሚስቱም ስልኳን እያመጣች ከኔ ጎን ታስቀምጠው ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ተከታትለው ይጮሃሉ። ማን ያነበዋል? ከጮኸ ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ተመስገን ብለን እንነሳለን። የዚያን ቀን የሷ ጮኸ። የኔን ጠበቅን። ኔትወርኩ ነው አለችኝ። አንድ መስኮት ላይ ለሷ ያለ ኔትወርክ ለኔ የት ይሄዳል?»

ሁሉንም ዘግቼው ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም ኔትወርኩን ረግመው ወደየሥራቸው ይሄዱ ነበር። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም።

«ለእሷ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? የባሏን ስትሰማ ነጋዳ፣ ደህና ነው ብላ ደስ ብሏታል። ኔትወርኩ ይሆናል አልኩና እስከ አጥሩ ሸኘኋት።»

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡስ?»

«ያንን ውርጭ ጥሰው መጥተው፣ አውቄዋለሁ ልበላቸው? ነውር ነው። ተቀመጥኩላቸው፣ ነገሩኝ።»

ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ነበረች። ወጉ ሁሉ የተሠራው ይህ እንዳይሆን ነበር፣ እኔም ያንን ደንብ የጻፍኩት ይህ እንዳይሆን ነበር። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁም።

«ለምን አልደወልሽልኝም? ለምን እማዬ?»

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ ትከሻዬ አለፍ አድርጋ አለበሰችኝ።

«ብደውል ታነሺዋለሽ። ካነሳሽው ደግሞ መናገርሽ ነው። እሱን ነገር አንቺ ከአፍሽ እንድታወጪው አልፈለግሁም ልጄ። አንቺም እንዳትደውዪ ስልኩን አጠፋሁት።»