ቀይ በግራ በኩል

«ከሩቅ የመጣኸው፣ አቧራውን ለብሰህ፣
በሩን አንኳኳኸው፣ ልጃችንን ሽተህ፣
እም እም እምም እም...»

ከዚህ ወዲያ ዜማው እንጂ ቃሉ የለም። ቧንቧ ሠራተኛው ግን አላቆመም። ጉንጩን መደርደሪያው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ከስቴሪዮው ጀርባ ከትቶ የጎደለውን በእም እም እየሞላ ያንጎራጉራል። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ጠብታ» ይለዋል፤ ውሃ ጠብ ካለበት ቤት አይጠፋምና። እሱም ቅጽል ስሙን ይወደዋል፤ ከጎርፍ ይሻላል ይላል።

«ምሳ ቀርቧል!» አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት፣ መስኮቱ እስኪነዝር።

«መጣሁ!»

«ምን አልክ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ!»

«አንተ መጣሁ ስትል እኮ ነው የምፈራው» አለችና ሳህኖቹን በክዳን ሸፈነቻቸው።

ጆሮዋ ከብዷል። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችበት የሽመና ፋብሪካ ማሽኑን በግራዋ በኩል ተክሎባት ኖሮ፣ ጡረታ ስትወጣ ግራ ጆሮዋን ከማሽኑ ጋር ትታው ወጣች። ቀኙ ይሰማል፤ ግን እሱም ለመንቃት ጮክ ብለው እንደሚጠሩት እንቅልፋም ነው። ስለዚህ ካሴት የምትሰማው ስፒከሩን አስጩኻ ነበር። ከካሴቶቹ ሁሉ የምትወደው ደግሞ የሠርጋቸውን ነው፤ አሁን በሕይወት የሌሉት አባቷ የዘፈኑበትን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጠብታ በወጣትነቱ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ እኒያ አባት ቤት አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ሊሠራ ሄደ። ሠራው። በሳምንቱ ቧንቧው እንደገና አፈሰሰ። ደግሞ ሠራው፣ ደግሞ አፈሰሰ። ሰውየው ቧንቧው የሚያፈሰው ልጃቸው ቤት ስትኖር ብቻ መሆኑን አስተውለው ዝም አሉ። በሠርጉ ቀን ግን ማይክሮፎን ጨብጠው ለአማቻቸው የገጠሙለትን ዘፈን አወጡት፤ አዳራሹም በሳቅና በጭብጨባ ፈረሰ። ድምፅ ቀጂው አንዱን ማይክሮፎን ለሳቸው፣ ሌላውን ለአጨብጫቢው ሰጥቶ ነበርና ሁሉም ካሴቱ ላይ ቀረ፤ እሳቸው በቀኝ ስፒከር፣ ጭብጨባው በግራ።

ከጥቂት ወራት በፊት ከታች ፎቅ ያለችው አራስ፣ ልጇን ታቅፋ መጣች። «እናቴ፣ ዘፈኑን እኔም ለምጄዋለሁ፣ እወደዋለሁ። ይኼ ትንሹ ጌታዬ ግን ቀን ካልተኛ ሌሊት አያስተኛኝም» አለች በፈገግታ። ተቆጥታ ብትመጣ ይሻል ነበር፤ ተጣልተው ይታረቁ ነበር። ፈገግታው ግን ሚስቲቱን አሳፈራት። ካሴቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ከምሳ በኋላ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ የምትሰማበት የሶፋው ጎድጓዳ ባዶውን ቀረ። የዘፈኑ ስንኝም አንድ በአንድ ከጠብታ አፍ እየረገፈ፣ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ሆኑ።

«መጨረሻው ምን ነበር?» ይላታል።

«አውቀዋለሁ፣ አልነግርህም። ከአባቴ አፍ ነው የሚያምረው» ትለዋለች።

ለዚህ ነው የዕረፍት ቀኑን ጠብቆ ያንን ትንሽ ሣጥን ይዞ የመጣው፦ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር። ሁለት ማዳመጫ ይሰካበታል፤ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ መጨመሪያ አለው። ለሷ እስክትጠግብ መክፈት፣ ለሱ ዝቅ ማድረግ፣ ሕፃኑም እንቅልፉን መለጠጥ። ባለሱቁ «ከስቴሪዮው ጀርባ ለቀረጻ የተተወ የድምፅ መውጫ ቀዳዳ አለ፤ ከዚያ በገመድ ወደ ሣጥኑ መግቢያ ታመጣዋለህ» ብሎት ነበር።

ስቴሪዮው አሮጌ ነው፤ የቀዳዳዎቹ ቀለም ከለቀቀ ቆይቷል። ጠብታን ይህ አላሳሰበውም። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ መቼ ታይቶ ያውቃል? በዳበሳ መውጫዎቹን አገኛቸው፤ ጎን ለጎን ናቸው። የገመዱ አንድ ጫፍ ቀይ፣ ሌላው ነጭ። እጁ ሳያማክረው ቀዩን በግራ፣ ነጩን በቀኝ ሰካ። ቀይ ሙቅ ነው፤ ሙቅ ሁልጊዜ በግራ ነው። ሣጥኑ ላይ ግን ቀለሙ አለና ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ አገጣጠመ።

ከዚያ እንደ ልማዱ ዋናውን ዘጋ፤ ማለትም የስቴሪዮውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነሰ። ካሴቱን አስገብቶ ማዳመጫውን ቢያጠልቅ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው ጆሮው ውስጥ አጨበጨበ።

«ኧረ ጉድ! ዋናው ተዘግቶ ይፈሳል!»

ስፒከሮቹ ጭጭ ብለዋል። ሚስቱን እጇን ይዞ አመጣት፤ ሁለተኛውን ማዳመጫ ራሷ ላይ አደረገችው፤ እሱ ድምፁን ከፈተላት። ጠብታ፣ አማቱ በግራ ጆሮው ሲገቡ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አውራ ጣቱን አነሣላት። እሷ ግን ፊቷ አልፈታም።

«አባቴስ?»

«እየዘፈኑ ነው እኮ!»

«የሚሰማኝ ጭብጨባ ነው።»

ድምፁን ጨመረላት። ጭብጨባው ጨመረ። ሚስቱ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«ተወው በቃ» አለች፣ ለወጉ ፈገግ ብላ። «ካሴቱ ደህና ነው፤ አንተ ሰምተሃል። የኔ ጆሮ ነው። የሰው ጭብጨባ እየሰማ የአባቴን ድምፅ ካልሰማ... ጨርሷል ማለት ነው።»

እንዲህ ዝግ ብላ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ጠብታ ደነገጠ። «ቆይ፣ ቆይ፣ የኔን ሞክሪው!» ብሎ የሷን አወለቀላትና፣ ፊት ለፊቷ እንደቆመ የራሱን ማዳመጫ ከራሱ ላይ አንሥቶ ቀጥ አድርጎ እሷ ራስ ላይ ደፋው፤ ድምፁንም ከፈተላት።

የሚስቱ ፊት ተፈታ፤ ሳቀች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ አራሷ ቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ጠብታ ግራ ገባው። ገመዱ ያለ ቦታው ስለወጣ ማዳመጫውን አውልቆ አዙሮ አደረገላት፤ አባትየው ጠፉ። መልሶ ገለበጠው፤ መጡ። ቆሞ አሰበ። ፊት ለፊት ቆሞ ሲያደርግላት የሱ ግራ የሷ ቀኝ ላይ አርፏል። አማቱ በሱ ጆሮ የመጡት በግራ ነበር፤ እሷ ደግሞ በግራዋ አትሰማም። ካሴቱ ላይ ግን ሰውየው ያሉት በቀኝ ነው! ታዲያ ማን አሻገራቸው? ዓይኑ ወደ ስቴሪዮው ጀርባ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ጣቶቹ።

«ወይ አንቺ! ቀዩን... ቀዩን በግራ ሰክቼዋለሁ!»

«ምን ማለት ነው?»

«ሙቅ በግራ ነዋ! ለካ የድምፅ ቀይ በቀኝ ኖሯል!»

ነገሩ ሲገባት በሳቅ ሶፋው ላይ ወደቀች፤ እዚያው የራሷ ጎድጓዳ ውስጥ። «አንተ ሰውዬ! አባቴን በሙቅ ውሃ መስመር ላክኸው?»

«ከቀዝቃዛው ይሻላል ብዬ ነው» አለ፤ ባትሪ አብርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ገመዶቹን አለዋወጠ። ካሴቱን አጠንጥኖ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ማዳመጫቸውን አጠለቁ። ድምፁ መጣ፤ ሻካራ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ የአባት ድምፅ፦

«ከሩቅ የመጣኸው፣ አቧራውን ለብሰህ፣
በሩን አንኳኳኸው፣ ልጃችንን ሽተህ፣
እንግዲህ ምን ቀረ፣ ቤታችን ነው ቤትህ፣
ና ቁጭ በል ልጄ፣ ሳይበርድብህ ምሳህ።»

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ለካ እንዲህ ነበር!»

«አውቀዋለሁ ስትዪ አልነበር?»

«ውሸቴን ነው። እኔም ረስቼው ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች። «በል ተነሥ፤ ያዘዙህን ሰምተሃል።»

ጠብታ እጁን ታጥቦ ወደ ገበታው ሄደ። ክዳኑን ሲያነሣው ምሳው ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆኗል። ወንበሩን ስቦ፣ «እሺ አባቴ» ብሎ ቁጭ አለና መብላት ጀመረ።