የወንድሜን ኩላሊት የጠበቅንበት ሳምንት

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሳሁ። ታላቅ ወንድሜ በቀለ አሰላ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባቱን ሚስቱ ጫልቱ ደውላ ነግራኛለች። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ የሚኖርበት ሳጉሬ ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆንም፣ ሥራና ልጆች እያልኩ ስድስት ዓመት አልሄድኩም።

አዋሽን እስክንሻገር ሙቀት ነበር። ከኢተያ በኋላ ብርዱ በመስኮት ገባ፤ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሷል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ አሰላ ስንደርስ ሻንጣዬን አወረዱልኝ።

አሰላ

በቀለ ሣር ሲያጭድ እግሩን ማጭድ ቆርጦት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ኦክስጅን ተደርጎለታል። አልጋው ሥር የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ባዶ ነው።

ሲስተሯ ረጋ ብላ አስረዳችን። «የደም ግፊቱ ሲወርድ ለኩላሊቱ የሚደርሰው ደም አነሰ፤ ከደሙ ጋር ኦክስጅኑም። ግፊቱን በመድኃኒት ይዘነዋል። አሁን የምንጠብቀው ሽንቱን ነው።»

ካልመጣ ለኩላሊት እጥበት ወደ ሌላ ከተማ ይላካል፤ መንገዱን መቻሉን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ሳጉሬ

ረቡዕ የበቀለን ልብስ ከቤቱ ላመጣ በሚኒባስ ሄድኩ። የገብስ ጆንያ የጫኑ ጋሪዎች መንገዱን ሞልተውታል። ቦቲ ጫማው ጭቃው እንደደረቀበት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ከጓሮ ያለው ገብስ አሽቷል። ልጅ ሆኜ ከዚያ ማሳ ሲጠራኝ፣ ደጋግሞ እንዲጠራኝ ሆን ብዬ ዝም እል ነበር። ማሳው ዳር ቆሜ ያን ድምፁን ናፈቅኩ።

እንደገና አሰላ

ሐሙስ ጠዋት ከረጢቱ ውስጥ ጥቁር ሻይ የመሰለ ጥቂት ሽንት አየን። ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ ጌታን አመሰገነች። ቅዳሜ በዛ፤ ቀለሙም ነጣ። እሑድ በቀለ ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«ዱፍቴ?» አለኝ በኦሮምኛ፤ መጣሽ? ማለቱ ነው።

«መጣሁ፣ ጋሼ።»

«ቆየሽ» አለ።

እጁን ያዝኩ።

አዲስ አበባ

ሐኪሙ ኩላሊቱ እስኪያገግም ወራት ሊፈጅ እንደሚችል ነግረውን ሰኞ ተመለስኩ። የአምስት ዓመቷ ልጄ በር ላይ ተቀብላኝ አጎቷ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። አይታው አታውቅም። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ እሱን መናፈቄን ሄዶ እንደ መጠየቅ ቆጥሬው ኖሬያለሁ።