ወንድሜን በወረቀት ያኖርሁበት ዓመት

መኪና መንዳት ትችላለህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ አልችልም እላለሁ። ውሸት ነው። ዓመት ሙሉ ባሕር ዳርን ከዳር እስከ ዳር በቮልስ ስንፈላሰስባት ያዩኝ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። እነሱም አጠገቤ ቆመው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፉታል፤ እግዜር ይስጣቸው።

ቮልሷ የታላቅ ወንድሜ የአንዳርጋቸው ነበረች። አንዳርጋቸው የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወር ሙሉ በረሃ ለበረሃ ይከርምና ባሕር ዳር ሲገባ ያቺን ሰማያዊ ቮልስ አጥቦ አጥቦ፣ «በል አስናቀ፣ እንንሸራሸር» ይለኛል። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ። ገና አላገባሁም፤ የምኖረውም እሱው ቤት ነው። መኪናዋ ቆማ እንዳትበላሽ ብሎ ውክልና ሰጠኝ፤ በየዓመቱ ቦሎዋን የማሳድሰውም እኔ ነበርሁ።

በ1972 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የሚነዳው ከባድ መኪና በረሃ መሐል ተገለበጠበትና ሞተ። ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርም፤ እዚያው ቀበሩት። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ቴሌግራምና የልብሱ ሻንጣ ነው።

እናታችን ወለተ ጊዮርጊስ የምትኖረው ዘጌ ነው፣ ቡናዋ ውስጥ። መርዶ ጎሕ ሲቀድ በሽማግሌ ነውና የሚነገረው፣ ሰባት ሽማግሌ ይዤ በጀልባ ተሻገርሁ። እነሱ ወደ ቤቷ ሲወጡ እኔ ጀልባዋ ዘንድ ቀረሁ። ገመዱን እፈታለሁ፣ መልሼ እቋጥራለሁ። ጩኸቷ በደኑ ውስጥ አልፎ እስከ ውኃው ድረስ ወረደ። በለቅሶው ሁሉ መካከል አንድ ነገር ደጋግማ ትጠይቅ ነበር፤ «ሬሳውን ያየ ማን ነው?» ያየ አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። አንዳርጋቸው ሚስትም ልጅም ስላልነበረው ወራሹ እናቴ ናት። ፍርድ ቤት ቀርባ ብታረጋግጥ ሊብሬው በስሟ ይዞራል። እሷ ደግሞ ዘጌ ደን ውስጥ ቮልስ ምን ታደርግላታለች? ሸጣ ለነፍሱ ታውለዋለች። እኔ ግን መሪውን ለምጄዋለሁ። አለቃዬ «አስናቀ፣ እስቲ አድርሰኝ» ሲለኝ፣ ቆነጃጅቱ ዞር ብለው ሲያዩኝ ደስ ይለኛል። ምን ልሸፋፍነው፤ በሟች መኪና ሰው መሰልሁ።

ሰኔ ላይ ቦሎ ላሳድስ ብሄድ፣ «በውክልና ስለሆነ ባለቤቱ በሕይወት ስለመኖሩ ከቀበሌህ አጽፈህ አምጣ» አሉኝ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ቢያዝን ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ወንድሜን አይቶት አያውቅም።

«ወንድምህ አሉ?» አለኝ።

«አለ» አልሁት።

«የት?»

«አሰብ መንገድ።» ይሄኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

በሕይወት መኖሩን አረጋግጣለሁ ብዬ ፈረምሁ። ቦሎዋን መስታወቷ ላይ ለጥፌ የዚያኑ ዕለት እስከ መርአዊ ነዳሁ።

ሐምሌ ገባ፤ ሙት ዓመቱ ደረሰ። ዘጌ አይታረስም፤ የድግሱ ጤፍ ከባሕር ዳር ነው የሚሄደው። ያኔ ደግሞ ያለ ቀበሌ ፈቃድ ጤፍ የለም። «እማዬ፣ እኔ አስፈቅዳለሁ» ብያታለሁ፤ ግን በምን አፌ? በሰኔ አለ ያልሁትን ሰው በሐምሌ ሞቷል ብዬ ጤፍ ልለምንበት? አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይሉ የለ። ዛሬ ነገ እያልሁ ሳጓትት እሷ ተስፋ ቆረጠችብኝና በጀልባ መጣች። እኔ ፋብሪካ ሳለሁ ቀጥ ብላ ቀበሌ ገባች።

የሆነውን ኋላ ቢያዝን ራሱ ነው የነገረኝ። «ለልጄ ለአንዳርጋቸው ሙት ዓመት ነው» ስትለው ፋይሉን ገለጠ።

«እማማ፣ ልጅዎ እኮ በሕይወት አሉ» አላት። «ወንድማቸው ባለፈው ወር ነው እዚሁ የፈረመው።»

ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ «የአስናቀን ፊርማ አሳየኝ» ብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ ግቢያችን በእልልታ ይናጋል። እልል የሚሉት ጎረቤታችን ወይዘሮ ሸምሲያ ናቸው። እናቴ ከሏን አውልቃ መሬት ጥላዋለች፤ ከሸምሲያ የተዋሰችውን ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ከመኪናዋ ስወርድ ሮጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አንተ ክፉ! ይህን የሚያህል የምሥራች እንዴት ዋጥኸው?» አለችኝ። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ገባኝ፣ ገባኝ። እስር ቤት ነው፣ አይደል? ወይስ ግንባር ወስደውት ነው? ጊዜው ክፉ ነው፤ ለእኛው ብለህ ነው የደበቅኸው። አልጠይቅህም። ደህና ነው? እሱን ብቻ በለኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ! ለእኔ ውሸት እናቴ ራሷ ምክንያት ፈልጋ፣ አሳምራ ሰጠችኝ። ደህና ነው ብላት ያልፋል። ቮልሷም ትቀርልኛለች። ይህን አሰብሁ። አዎ፣ እሷ አንገቴን አንቃ በደስታ ስታለቅስ እኔ መኪናዋን አሰብሁ። ከፈረምሁት ፊርማ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው።

ዓይኗን ማየት ቢያቅተኝ ወደ መሬት አየሁ። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ከቀበሌ እስከ ቤት ስትሮጥ አንዱ ኮንጎ ጫማዋ ወልቆ ቀርቷል፤ እሷ አላወቀችም።

«እማዬ፣ ለቦሎ ነው» አልኋት።

«ቦሎ ምንድን ነው?»

«የመኪናዋ ወረቀት። ሞቷል ካልሁ መኪናዋ ያንቺ ትሆን ነበር። እንዳትወስጂብኝ ብዬ ነው አለ ያልሁት።»

እጇ ከአንገቴ ላይ ወረደ። የሸምሲያም እልልታ ተቋረጠ። እናቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ለመናገር የቸኮልሁ እኔ ነኝ።

«ሽማግሌ ልጥራ?» አልሁ። የሞኝ ነገር!

«አትጠራም» አለች። «አምና ሰባት ሽማግሌ ልከህብኝ አንተ ጀልባ ሥር ተወሸቅህ። ዛሬ ራስህ ንገረኝ። ቆመህ።»

ቆሜ ነገርኋት። አንዳርጋቸው ሞቷል፣ እዚያው በረሃ ቀብረውታል፣ አይመጣም አልኋት። ይህን ቃል በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እናቴ አልጮኸችም። ከሏን ከመሬት አነሣች፣ አራገፈች፣ ለበሰች። ያለቀሱት ወይዘሮ ሸምሲያ ናቸው።

በማግሥቱ ቀበሌ ለመሄድ የቮልሷን በር ከፈትሁላት። እንዳላየች አለፈችኝ። በአንድ እግሯ ኮንጎዋን፣ በሌላው የሸምሲያን ነጠላ ጫማ አድርጋ ትራመዳለች፤ እኔ በእግሬ ከኋላ ከኋላዋ።

ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሰልፈኛው ሞልቷል። «ያን ወረቀት ሰርዘው» አልሁት ቢያዝንን፤ «ወንድሜ ሞቷል። የዋሸሁ እኔ ነኝ።» ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ። ቢያዝን ብው አለ፤ ትጠየቅበታለህ አለኝ። ተጠየቅሁበትም፤ ሁለት ሳምንት ታሰርሁ። መኪናዋም በእናቴ ስም ዞራ ተሸጠች። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ቢያዝን አዲስ ወረቀት አወጣና ብዕሩን አነሣ።

«የሞቱበት ቀን?»

«ሐምሌ…» ብዬ የአምናውን ልናገር ስጀምር እናቴ በእጇ አስቆመችኝ።

«ትናንት ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አለችው።