የአልጣሽ ሚካኤል ሁለተኛ ዓይን

አልጣሽን በደንብ አውቃታለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ፍኖተ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሷ ጸሐፊ፣ እኔ መዝገብ ቤት። በመካከላችን የነበረው አንድ የቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ራሷ የነገረችኝ ቢሰበሰብ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሽንዲ ልጅ መሆኗን፣ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ኮምፒዩተር ተምራ መቀጠሯን፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቷን አውቃለሁ። ከዚህ የተረፈውን ወይ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ወይ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል። ከእኔ የተሻለ የሚጽፈው ሰው ይኖር ነበር፤ ግን እስካሁን የጻፈው የለም።

ሥዕል እንደምትሥል ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ማኅተም ፈልጌ ክፍሏ ስገባ፣ የማዳበሪያ ሪፖርት የሚጻፍበት ስክሪን ላይ አንዲት በቅሎ ቆማለች። የኮርቻዋ ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል።

«ከየት አገኘሻት?» አልኳት።

«ሣልኳት።»

«በምን?»

ማውዙን አንስታ አሳየችኝ። እኔ በዚያ ነገር ቀጥ ያለ መስመር እንኳ አውጥቼ አላውቅም።

የበቅሎዋ ወሬ ቡሬ ደረሰ። ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ የቡሬ ተወላጅ ስለሆንኩ በየሳምንቱ እመላለሳለሁ። እዚያ ይታገሱ የሚባል አስተማሪ አለ፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለች አንዲት የገጠር ሚካኤል የወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣና ለኅዳር ሚካኤል በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚሰቀል ሥዕል እንድትሠራለት ለመናት። በባነር የሚታተም፣ ወርዱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር። «በየዓመቱ አንዱን የገረጣ ፖስተር ነው የምንሰቅለው። የፈረንጅ መልክ ያለው ነው። አንች የእኛን አገር ሚካኤል ሣይልን» አላት።

«እሞክራለሁ» አለች። ሰው ለሚያየው ነገር ተጠይቃ ስትሥል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

አንድ ወር ሙሉ በየምሳ ሰዓቱ ሣለች። ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል፤ ክንፎቹ አረንጓዴና ቀይ፣ ከእግሩ ሥር ሰይጣን ተጋድሟል። ስክሪኑ ላይ ሳየው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቆቤን አወለቅሁ።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥዕሉ የሚታተመው ባሕር ዳር ስለነበር በኢሜይል ልትልከው ሞከረች፤ የዚያን ጊዜ ኢንተርኔት ከጋሪ ፈረስ ይዘገያል፣ አልሄድ አለ። እሷ ደግሞ ለሪፖርት ፎቶ ስትልክ የለመደችው አንድ ዘዴ ነበራት፤ ፎቶውን እስኪያልፍ ድረስ ማሳነስ ነው። ሚካኤልንም አሳነሰችው። አለፈላት። ኮምፒዩተሩ «ለውጡን ላስቀምጥ?» ሲላት እንደ ልማዷ እሺ አለችው፤ ትልቁ በትንሹ ተተክቶ ጠፋ። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ግን ያው ቆንጆ ስለነበር ልብ አላለችውም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ባነሩ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ቡሬ አብሬያት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሁለት ወጣቶች ይዘው ዘረጉት። ከቅርብ ሲታይ ሁሉም ነገር አራት ማዕዘን ነው፤ ክንፉ የጡብ ግንብ፣ ሰይፉ ደረጃ መስሏል። ያን ጊዜ የደብሩ መምህር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ መጡ። ቀረብ ብለው አዩት። ወደ ኋላ ሄደው አዩት። እንደገና ቀረቡ።

«ይታገሱ፣» አሉ፤ «ሚካኤል የትኛው ነው?»

«እንዴ መሪጌታ፣ ከላይ ያለው ነዋ!»

«ከላይ ያለውም አንድ ዓይን፣ ከታች ያለውም አንድ ዓይን። ለየትኛው ልስገድ?»

ወጣቶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። በአገራችን ሥዕል ቅዱስ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ዓመፀኛ ነው። የሚካኤል ግራ ዓይን በጥላው በኩል ስለነበር፣ ሥዕሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ሲጎሉ ከጉንጩ ጋር አንድ ቡናማ ጡብ ሆኗል።

«ከሠዓሊዋ ጋር ነው የመጣችሁት?» አሉ መሪጌታ።

አልጣሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ «እኔ ነኝ አባቴ» አለች።

«ልጄ፣ እጅሽ መጥፎ አይደለም። ይኼን ግን አልሰቅልም። ሕዝቡ ለማን ሰገድን ይለኛል። እስከ ኅዳር አሥር ሁለት ዓይን ያለው ካመጣሽ አየዋለሁ። ካላመጣሽ የድሮው ይሰቀላል።»

«የፈረንጁ?» አለ ይታገሱ።

«ፈረንጅም ቢሆን ሁለት ዓይን አለው!»

በሚኒባስ ስንመለስ እስከ ፍኖተ ሰላም አንዲት ነገር ብቻ ተናገረች። «ሁለቱንም ሥያለሁ ጋሼ ዘሩ። እግዜር ያውቃል፣ ሁለቱንም ሥያለሁ።»

በማግሥቱ የተረፈውን ትንሹን ሥዕል ከፈተችና ሬዞሉሽን፣ ማለትም በአንድ ኢንች የሚኖረው ነጥብ፣ የሚለው ቦታ ላይ ሦስት መቶ ብላ ጻፈች። ጥሩ ኅትመት ሦስት መቶ ነው ሲባል ሰምታ ነበር። ቁጥሩ ተለወጠ፤ ጡቦቹም ጠፉ። በምትካቸው ጭጋግ መጣ። ሚካኤል ዝናብ ባረጠበው መስታወት ውስጥ ያለ ሰው መሰለ፣ ዓይኑም አልተመለሰም። ባሕር ዳር ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ለስሜነህ ደወለች። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ከግድግዳው ማዶ ሰማሁት።

«እህቴ፣ ለሜትር ተኩል ባነር አራት መቶ ነጥብ ነው እኮ የላክሽልኝ!»

«ታዲያ ሳታትመው ለምን አትነግረኝም?»

«ሆን ብለሽ መስሎኛል። እንደ ጥልፍ እንዲመስል የሚፈልግ ደንበኛ አለ።»

«መልአክ እንደ ጥልፍ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሌላ ጊዜ አሳንሰሽ አትላኪ። በፍላሽ አድርገሽ ለሹፌር ስጪው። ደግሞ ሦስት መቶ የሚሉት በእጅ ለሚያዝ መጽሐፍ ነው። በር ላይ ለሚሰቀል፣ ሰው ከሩቅ ስለሚያየው፣ በአንድ ኢንች መቶ ነጥብ ይበቃሻል። ግን ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ሣይው።»

ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። አልገባኝም ስላት ወንበር ሳበች። ያን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም።

«አንድ ቁና ጤፍ በሰሌን ላይ ቢበተን ሰሌኑን ይሸፍናል አይደል? ያንኑ ቁና አውድማ ሙሉ ቢበትኑት መሬቱ ይታያል። የእኔ ጤፍ በወርዱ አራት መቶ ፍሬ ነበር። ዛሬ የጨመርኩት ቁጥር ፍሬ አልሆነም፤ ኮምፒዩተሩ በፍሬዎቹ መካከል አፈር ነው የሞላልኝ። አሁን ለወርዱ ብቻ ስድስት ሺህ ፍሬ ያስፈልገኛል።»

«ከየት ታመጫለሽ?»

«እዘራለኋ።»

የቀራት ዐሥራ አራት ቀን ነበር። ባዶውን ገጽ በሙሉ ልኩ ስትከፍት ያ አሮጌ ኮምፒዩተር ደረቀ። አጥፍታ አበራችው፤ እንደገና ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን በአራት አግድም ቁራጭ ከፈለችው፤ ራስና ክንፍ፣ ደረት፣ ጉልበት፣ ከታች ሰይጣን። ፊቱ እንዳይቆረጥ ወሰኑን ከአንገት በታች አደረገችው። ባሕር ዳር ያለው ጠንካራ ማሽን ላይ ስሜነህ ቁራጮቹን ገጣጥሞ አንድ ሊያደርጋቸው ተስማማ። ጠዋት ጥበቃው በሩን ሲከፍት እሷ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ከክፍሏ «ኧረ ሚካኤል!» የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ ሲመለስ ግን ማውዙ እንደገና ይንኳኳል።

ፊቱን የጨረሰች ዕለት ባነሩ ላይ በሚወጣበት ልክ በመሥሪያ ቤቱ ፕሪንተር በአንድ ወረቀት አተመችው። የኮሪደሩ ጫፍ ላይ ለጠፈችና ሌላው ጫፍ ወስዳ አቆመችኝ።

«ስንት ዓይን ይታይዎታል?»

«ሁለት።»

«ለእኔ ብለው እንዳይሆን።»

መነጽሬን አወለቅሁ። «አሁንም ሁለት ነው» አልኳት።

ኅዳር አሥር ቀን ባነሩ ቡሬ ደረሰ። ወጣቶቹ እዚያው ቦታ ዘረጉት። አልጣሽ ከእኔ ጀርባ ነበረች፤ የካፖርቴን ጫፍ መያዟን የምታውቅ አይመስለኝም። መሪጌታ ከቅርብ አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሄዱ፤ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆሙ። መቋሚያቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«አንድ፣ ሁለት» አሉ። መቋሚያውን ወደ ሰይጣኑ ዝቅ አደረጉ። «አንድ።»

ወደ ወጣቶቹ ዞሩ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? መሰላል አምጡ እንጂ!»

በበዓሉ ዕለት ሕዝቡ በዚያ በር ሲገባ አየሁ። አንዲት ሴትዮ «ይኼን የሣለው ከየት መጥቶ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ይታገሱም «ከሽንዲ፤ ሥሙም አልጣሽ ነው» ብሎ አስቆ መለሳት። ከማቻክል ወረዳ የመጡ ሰዎች ለሚቀጥለው ዓመት የእነሱን እንድትሥል አድራሻዋን ወሰዱ። እሷ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው የበሩን ወርድ ነበር።

ታቦቱ ከገባና ሰዉ ከተበተነ በኋላ ወደ አውቶቡስ ልጠራት ስሄድ ከሥዕሉ ፊት ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ረጅም ጊዜ ቆየች፤ ሦስት ጊዜ ሰገደች።

መንገድ ላይ፣ እኔ ሰው መጠየቅ የማልወደው ሰውዬ፣ ድፍረት አግኝቼ «ምን ብለሽ ለመንሽው?» አልኳት።

ወደ እኔ ዞር ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ መንገዷን ቀጠለች።