የይርገዱ ግራ እጅ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ሰው ሞቶ ይርገዱ ሙሾ ካላወረደች ሟቹ ራሱ የሚቀየም ይመስል ነበር። ለስንቱ ልጅ አገር አስለቅሳለች። የራሷ ልጅ ቢተው ሲሞት ግን ማልቀስ ተከለከለች።

የከለከላት የቀበሌው ሊቀመንበር ሞላ ነው። ቢተውና የሞላ ታናሽ ወንድም ብዙነህ ለሚሊሺያ ተመልምለው ወደ ሰሜን ከዘመቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ እግሩን እዚያው ጥሎ የተመለሰ ያገር ልጅ፣ ሁለቱ በአንድ ምሽግ ሲወድቁ በዓይኑ ማየቱን ነገራት። ይርገዱ ጎረቤት ጠርታ ለልቅሶ ልትቀመጥ ስትል ሞላ ከተፍ አለ። ከበላይ አካል ወረቀት አልመጣም፤ ወረቀት ያልመጣለት ሰው አልሞተም፤ ላልሞተ ሰው ማልቀስ ደግሞ የጠላት ወሬ መንዛት ነው አላት። ለካ ለመሞትም ማኅተም ያስፈልጋል! ድርቁ ያን ሁሉ ሰው እንደ ቅጠል ሲያረግፍ ማኅተሙን ማን እንደመታለት እንጃ።

ይርገዱ አንጀቷ እያረረ የጠራቻቸውን ጎረቤቶች መለሰች። ጎረቤቷ ዘይነባ በየቀኑ ብቅ እያለች «አብሽሪ» ትላታለች፤ ከዚያ በላይ መናገር ሁለቱም ይፈራሉ። ያልወጣው ልቅሶ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ እህል አላስውጥ አላት። ደግነቱ በዚያ ዓመት የሚዋጥ እህልም አልነበረም።

የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ደረሰ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ድሉን እንዲያከብር ታዘዘ። ሞላም ይርገዱን አስጠርቶ፣ ድምፅሽ ሩቅ ይሰማል፣ የጀግና እናትም ነሽ፣ መፈክሩን አንቺ ታሰሚያለሽ አላት። ለልቅሶ የተከለከለ ድምፅ ለመፈክር ተፈለገ፤ ዕድሜ መስጠት ደጉ!

መድረክ ላይ ወጥታ ግራ እጇን ጨብጣ አነሳች። ሕዝቡም አነሳ። «አብዮታዊት እናት አገር» ብላ ጀመረች። «ወይም ሞት» የሚለው ላይ ስትደርስ የቢተው ፊት ድቅን አለባት። የጨበጠችው እጅ ከላይ ወርዶ ደረቷን ደቃ።

«ወየው ልጄ! ወየው ቢተው!»

ቀጥሎ ዘይነባ ደረቷን ደቃች። ወረቀት ያልመጣለት ልጅ ያላት ስንት እናት እንዳለች የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ የተነሣው ግራ እጅ ሁሉ ደረት ላይ ወረደ። ሞላ ለሰልፉ የመጡትን ተማሪዎች ዘምሩ ቢል ማን ሰምቶት። ወደ ደሴ የላከው ሪፖርት ግን «ሰፊው ሕዝብ ግራ እጁን በማንሣት ስሜቱን በአንድነት ገለጸ» ይላል። መቼም አልዋሸም።

ሰዉ ከአደባባዩ በቀጥታ ይርገዱ ቤት ሄዶ ለቅሶ ተቀመጠ። ልጇ በወጉ ተለቀሰለትና ትንሽ ቀለል አላት። በሦስተኛው ቀን ሞላ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ብቻውን መጣ።

«እማማ፣ እግዜር ያጥናዎት» አላት።

ይርገዱ ቀና ብላ አየችው። «ወረቀቱ መጣ እንዴ?»

ሞላ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ «ብዙነህ፣ ወንድሜ» እያለ ተንሰቀሰቀ። ይርገዱ ለሱ ያጠራቀመችው ስድብ ብዙ ነበር። ነጠላዋን አጠበቀችና የብዙነህን ስም ጠርታ ሙሾውን አወረደችለት።